እርማት ከብቸና ሞጣ እስኪደርስ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)



ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ የሚደርሰውን መንገድ የተጓዘ ሰው፥ ምሥራቅ ጎጃም የጤፍና የስንዴ አገር ብቻ ሳይሆን የመጽሐፍም አገር መሆኑን ሳይረዳ አይቀርም። ከብቸና ብዙ ሳይርቅ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ይገኛል፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታሪክ ካዋሉባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ዲማ ነው። ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ደብረ ወርቅ ማርያም፥ ከዚያም አልፎ ሞጣ ጊዮርጊስ አሉ። በእነዚህ ደብሮች ዙሪያ የቈሎ ተማሪ ለብዙ ዘመን ዜማና ቅኔ ሲማር፥ ጸሓፊውም ብራና ፍቆ፥ መቃ ቀርጾ፥ በጥቁርና በቀይ ቀለም መጽሐፍ ሲገለብጥ ኖሯል።

ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት ግን ስለ መጻፍ ሳይሆን ስለ ማረም ነው። ነገሩ ከብራና ይጀምርና ወደ ኮምፒዩተር ይሻገራል። ብራናና ኮምፒዩተር ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፥ ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ይሳሳታል። ዐይኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ዘልሎ ቃል ይጥላል፤ ወይም የጻፈውን ደግሞ ይጽፋል። ስለዚህ የአገራችን ጸሓፊዎች የማረሚያ ሥርዐት አበጅተዋል። የተሳሳተው ፊደል በቢላዋ ይፋቃል፤ ትርፍ የሆነው ቃል ከላይና ከታች በጭረት ይከበባል፤ የተረሳው ቃል ደግሞ በመስመሩ ላይ ትንሽ ምልክት ተደርጎበት በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። አንባቢው ከምልክቱ ሲደርስ ዐይኑን ወደ ኅዳጉ ወርወር አድርጎ፥ የጐደለውን ጨምሮ ንባቡን ይቀጥላል። ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ ጸሓፊው ራሱ አይደለም። ከ50 ወይም ከ100 ዓመት በኋላ የመጣ ሌላ ሊቅ መጽሐፉን ሲያነብ ጕድለቱን ያገኝና ያርመዋል። በዚህ ዐይነት አንዱ ብራና የብዙ እጆች ሥራ ይሆናል።

ነገር ግን በዚህ ባማረ ሥርዐት ውስጥ አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። በዲማ ባለው መጽሐፍ ላይ የገባው እርማት በዲማ ይቀራል። ያው ስሕተት በሞጣው መጽሐፍ ላይ ቢኖር፥ የሞጣው መሪጌታ የዲማውን እርማት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እርማቱ ሞጣ የሚደርሰው አንድ ተማሪ በልቡ ይዞት፥ ስልቻውን አንግቶ፥ ውሻ እየከላከለ፥ ለእግረኛ የብዙ ቀን ጉዞ የሆነውን መንገድ ሲያልፍ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ፥ «የኔታ፥ በዲማ እንዲህ ተብሎ ይነበባል» ብሎ ለመምህሩ መንገር፥ መምህሩም መርምረው መቀበል ነበረባቸው። ተማሪው በመንገድ ቢታመም፥ ወይም ወደ ሌላ አገር ቢያቀና፥ እርማቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። ከእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ስንት ጥሩ እርማት መንገድ ላይ እንደ ቀረ ማን ይቈጥረዋል?

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንሻገር። ኮምፒዩተር ራሱን ችሎ የሚያውቀው ነገር የለም። ሥራውን የሚያከፋፍልለት፥ ማስታወሻውን የሚመድብለት፥ የሚጻፈውን ፊደል ከመስኮቱ ላይ የሚያወጣለት፥ ቀኑንና ሰዓቱን የሚይዝለት አንድ ታላቅ የትእዛዝ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ይህ መጽሐፍ ሥርዐተ ክወና ይባላል። በመሥሪያ ቤታችን አነጋገር ብንመስለው፥ ጠቅላላ አስተዳደር እንደ ማለት ነው፤ ባለጕዳይ አያየውም፥ እርሱ ከሌለ ግን አንድም ደብዳቤ አይወጣም። መጽሐፉን ሰዎች የሚጽፉበት፥ ሰውም አንብቦ ሊረዳው የሚችለው ጽሑፍ ደግሞ ምንጭ ኮድ ይባላል።

በመጀመሪያው ዘመን ይህን ጽሑፍ ባለሞያዎች እርስ በርሳቸው ይዋዋሱት ነበር። በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ጽሑፉን ቈልፈው፥ መኪናው ብቻ የሚያነበውን ቅጂ መሸጥ ጀመሩ። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው የአሜሪካ ሰው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ፥ ወረቀት እየያዘ የሚያስቸግር የማተሚያ መኪና ነበራቸው። መኪናው ሲቆም ለሠራተኞቹ እንዲያስታውቅ ትእዛዙን ለማሻሻል ፈልጎ ምንጭ ኮዱን ቢጠይቅ ተከለከለ። ይህ ነገር እጅግ አስቈጣው። ስለዚህ በመስከረም 1983 ማንም ሰው ሊያነበው፥ ሊያርመውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዐተ ክወና ለመጻፍ መነሣቱን አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። በ1989 ደግሞ ለዚሁ ሥራ መጠበቂያ የሚሆን የፈቃድ ጽሑፍ አወጣ። የፈቃዱ ፍሬ ነገር አጭር ነው። መጽሐፉን ውሰድ፤ እንደ ወደድህ አርመው፤ ለሌላ ስታስተላልፈው ግን ምንጩን አብረህ ስጥ፤ አንተ ያገኘኸውን መብት ሌላውን አትንፈገው ይላል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በብራና መጻሕፍቶቻችን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ግዝት ነው። መጽሐፉ የዚህ ደብር ንብረት መሆኑን ተናግሮ፥ የሰረቀውና የፋቀው እንዲወገዝ ያዛል። ሁለቱም መጽሐፍን ከግል ስግብግብነት የሚጠብቁ ዘቦች ናቸው። ልዩነታቸው ግን መታየት አለበት። የእኛ ግዝት መጽሐፉ ከደብሩ እንዳይወጣ ይጠብቃል፤ የስቶልማን ፈቃድ ግን መጽሐፉ ከማንም ደጃፍ ገብቶ እንዳይቈለፍ ይጠብቃል።

ከዚያም ነሐሴ 25 ቀን 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ለመዝናኛው ያህል አንድ ትንሽ ሥርዐተ ክወና በመጻፍ ላይ መሆኑን ለባልንጀሮቹ አስታወቀ። ሊኑክስ የተባለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ 10,000 መስመር ያህል ነበረ። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ በኀይላቸው ተመርጠው የሚመዘገቡት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚሠሩት በዚህ ነው። አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዐትም አስኳሉ ሊኑክስ ስለ ሆነ፥ በብቸና መናኸሪያ ትኬት የሚቈርጠው ልጅ በኪሱ የያዘው ስልክ ከዚሁ መጽሐፍ የተገለበጠ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ እንዴት ሆነ? አንድ ሰው ተቀምጦ 30 ሚሊዮን መስመር አልጻፈም። ከ2005 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ብቻ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎች እጃቸውን አስገብተውበታል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የላኩት ጥቂት መስመር ነው፤ አንዳንዱ አንድ መስመር፥ አንዳንዱም አንድ የተሳሳተ ፊደል ብቻ ያረመ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ እርማት በባለሞያዎቹ ቋንቋ ፓች ይባላል፤ የተቀደደ ልብስ የሚጣፍበት እራፊ እንደ ማለት ነው።

ፓች የሚላክበት ዘዴ ከብራናው ኅዳግ ጋር ያለውን ተመሳሳይነት ልብ በሉ። አራሚው መጽሐፉን በሙሉ አይልክም። የሚሰረዘውን መስመር የመቀነስ ምልክት፥ የሚጨመረውን መስመር የመደመር ምልክት ያደርግበታል፤ ቦታው እንዳይጠፋም ከላይና ከታች ሦስት ሦስት መስመር ሳይነካ አብሮ ይጽፋል። «ከዚህ ቃል በኋላ፥ ከዚህ ቃል በፊት፥ እንዲህ ተብሎ ይነበብ» ማለቱ ነው። በ1985 ላሪ ዎል የተባለ አሜሪካዊ፥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ተቀብሎ ቦታውን ራሱ እየፈለገ የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ። መስመሮቹ ከነበሩበት ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቢገኙ እንኳ፥ ዙሪያውን አይቶ ትክክለኛውን ስፍራ ያገኘዋል። የዲማው እርማት ሞጣ ለመድረስ የሚያስፈልገው ተማሪ በመጨረሻ ተገኘ ለማለት ይቻላል።

ሆኖም የመጣው እርማት ሁሉ ዝም ተብሎ አይገባም። መጽሐፉ በክፍል በክፍል ተከፍሎ ለየክፍሉ ጠባቂ ተሹሞለታል። እርማት የሚልክ ሰው አራት ነገር እንዲያሟላ ይጠየቃል። አንደኛ፥ በአንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ያርም። ሁለተኛ፥ ምን እንዳረመ ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳረመ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ሥራው የራሱ መሆኑን ወይም ለመስጠት መብት ያለው መሆኑን በስሙ ይፈርም፤ ይህ ፊርማ ከ2004 ጀምሮ የተለመደ ነው። አራተኛ፥ ጠባቂው እንከን ቢያገኝበት ሳይቀየም አስተካክሎ ይመልስ። በቅኔ ቤት የነበረ ሰው ይህን ሥርዐት ሳያውቀው አይቀርም። ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ይነቅፋሉ፤ ተማሪው ሄዶ አስተካክሎ ይመለሳል፤ በመጨረሻም «ይበል» ይባላል። «ይበል» እስኪባል ድረስ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ነውር አይደለም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ነገር ልጨምር። በ2005 ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን የመዝገብ መሣሪያ ጻፈ። ይህ መዝገብ እያንዳንዱን እርማት ከነቀኑ፥ ከነባለቤቱ ስምና ከነምክንያቱ ቍጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። አንድ መስመር ለምን እንዲህ እንደ ተጻፈ ከ10 ዓመት በኋላ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ፋይሉን እንደ ማውጣት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ያገኘዋል። አንድ መስመር ያረመውም ሰው ስሙ እንደ ታላላቆቹ ስም በዚያው መዝገብ ይኖራል።

እስካሁን የተናገርሁት የሌላ አገር ታሪክ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም ፊደል ድርሻ አለው።

ፊደላችን ከ200 በላይ ምልክቶች ስላሉት ለመኪና አስቸጋሪ ሆኖ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት የደከሙት ከዚሁ ችግር ጋር እየታገሉ ነው። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ችግሩ አብሮ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ አዘጋጅ የአማርኛን ፊደል በላቲኑ ፊደል ቦታ በገዛ ፈቃዱ ይደለድል ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ስለዚህ ሁሉን የሚያስማማ አንድ መደበኛ ቦታ ያስፈልግ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ከልሎ ተቀበለው። በ2005፥ በ2010ና በ2021 ደግሞ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸው ተጨማሪ ፊደላት ተመዘገቡ።

ይሁን እንጂ በመዝገብ ላይ ቦታ ማግኘትና መሥራት ልዩ ልዩ ነገር ነው። መሬቱ ተመራ ማለት ቤቱ ተሠራ ማለት አይደለም። ቤቱ የተሠራው በትንንሽ እርማቶች ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የተባሉ ሰዎች፥ የላቲኑን ፊደሎች አከታትሎ በመምታት የአማርኛን ፊደል የማውጣት ሴራ የተባለውን ዘዴ አዘጋጁ። ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ደግሞ ኢማክስ በተባለው የግኑ መጻፊያ ውስጥ የግዕዝ ፊደል እንዲጻፍበት አስፈላጊውን ትእዛዝ ጻፈ፤ ይህም ከ1997 ጀምሮ የሚገኝ ነው። እስቲ አስቡት፤ ጃፓናዊው አማርኛ ስለ ቸገረው አይደለም፤ መጽሐፉ ክፍት ስለ ነበረና እጁ ስለ ደረሰ ብቻ አደረገው።

ዳንኤል ያዕቆብ የደከመበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በግኑ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አማርኛ የሚናገረውን ክፍል አቀረበ። በዚህ ክፍል የሰባቱ ቀናት ስም፥ የወሮች ስም፥ የብር አጻጻፍ፥ የቀን አጻጻፍና ይህን የመሰለ ነገር ይገኛል። በ2002 ደግሞ ግኖም በተባለው የመስኮት ሥርዐት ውስጥ ያሉትን ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ተጀመረ። በየካቲት 2009 የወጣው አምስተኛው የዴቢያን እትም፥ ሥርዐተ ክወናውን በኮምፒዩተር ላይ የሚጭነው ሰው መመሪያውን በአማርኛ እንዲያነብ አስችሏል። እነዚህ ሥራዎች ከሩቅ ሲታዩ ጥቃቅን ናቸው። አንዱ ስምንት ቃል፥ ሌላው አንድ ሰንጠረዥ ነው። ነገር ግን «ሰኞ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ በትክክል ከገባ በሚሊዮን መኪናዎች ላይ በትክክል ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተም በሚሊዮን መኪናዎች ላይ ይሳሳታል።

ትንሽ ምሳሌ ልስጥ። የፈረንጆቹ የመጀመሪያ ወር ስም በእኛ ፊደል እንዴት ይጻፍ? በብዙ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ላይ «ጃንዩወሪ» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጋዜጦቻችን ግን «ጃንዋሪ» ወይም «ጥር» ይላሉ። የትኛው ይሻላል ብዬ አሁን አልፈርድም። ልላችሁ የፈለግሁት ይህን ነው፤ ያ ቃል ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ሰው አስቦ ጽፎ የላከው ነው። የሚሻል አለኝ የሚል ሰው ምክንያቱን ጽፎ፥ ስሙን ፈርሞ፥ እርማቱን ሊያቀርብ ይችላል። ቢቀበሉት ሞጣም፥ ብቸናም፥ አዲስ አበባም በአንድነት ይታረማሉ።

አሁን እኔ ራሴ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጕዳይ ወደ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሄጄ፥ አንድ የቆየ የመሬት ክርክር ደብዳቤ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ወረቀቱ ጠፍቷል፤ ጽሑፉ ግን በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል አሉኝ። ቢከፈት አንድም አማርኛ የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው። ደብዳቤው ከላይ በተናገርሁት በቀድሞው የየራስ ድልድል የተጻፈ ስለ ነበር፥ ያ የፊደል መሣሪያ በሌለበት መኪና ሊነበብ አልቻለም። ባለጕዳዩ ሽማግሌ ከአጠገቤ ቆመው፥ «ልጄ፥ የአባቴ መሬት በፈረንጅኛ ተለወጠ እንዴ?» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

የቢሮው አንድ ወጣት ግን፥ «ይቈዩኝ ጋሼ» ብሎ የራሱን ኮምፒዩተር ከፈተ። ለካ ብዙ ሌሊት ደክሞ፥ የድሮውን ድልድል ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ሰንጠረዥ ለራሱ አዘጋጅቶ ኖሯል። ደብዳቤው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ አማርኛ ተመለሰ፤ ሽማግሌውም መርቀውት ሄዱ። እኔም ወጣቱን አመስግኜ፥ «ይህን ሰንጠረዥ ለሌላ ሰው አካፍለሃል?» ብለው፥ «ማን ይጠይቀኛል ጋሼ? ትንሽ ነገር እኮ ናት» አለኝ። ከዓመት በኋላ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ብመለስ ወጣቱ ተዛውሯል፤ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ተለውጧል፤ ሰንጠረዡም አብሮ ጠፍቷል። በመደርደሪያው ላይ የቀሩት የድሮ ፋይሎች እንደ ገና ዲዳ ሆኑ።

አንባብያን ሆይ፥ የዚህ ንግግር ቍም ነገር ከዚህ ላይ ነው። እኛ ማረም አናውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። በየመሥሪያ ቤቱ የተበላሸውን የሚያስተካክል፥ የጐደለውን የሚሞላ ብልህ ሠራተኛ ሞልቷል። ጕድለታችን እርማቱን በገዛ መጽሐፋችን ኅዳግ ላይ ጽፈን መተዋችን ነው። የቀድሞው የዲማ ሊቅ እርማቱን ሞጣ ለማድረስ መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ አይወቀስም። መንገዱ ተጠርጎ፥ ተሸካሚው መሣሪያ ተሠርቶ፥ መዝገቡ ተከፍቶ ሳለ «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ዝም ማለት ግን ያስወቅሳል። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ፥ ክፍት መጽሐፍ አደጋ የለበትም ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ኤክስ ዜድ የተባለ፥ በብዙ የሊኑክስ ሥርዐቶች ውስጥ የሚገኝ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ መሣሪያ አለ። ጠባቂው ለብዙ ዓመታት ያለ ደመወዝ ይደክምበት የነበረ አንድ ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ፥ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መጥቶ፥ ሁለት ዓመት ያህል ትንንሽና ጠቃሚ እርማቶችን እየላከ አመኔታ አገኘ፤ በመጨረሻም የጠባቂነቱን ሥልጣን ተካፈለ። ከዚያ በኋላ ሌባ የሚገባበት ስውር በር አበጀበት። ይህን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሞያ ነው። ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት ከተለመደው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቢዘገይበት፥ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መረመረና መጋቢት 29 ቀን 2024 ለሁሉ አስታወቀ። በሩም በሰፊው ሳይሠራጭ ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ሁሉ የሚጠቀምበትን መጽሐፍ ለአንድ ሰው ብቻ ጥሎ መሄድ፥ ያንን ሰው ማድከም፥ መጽሐፉንም ለጠላት ማጋለጥ መሆኑን አየን። ደግሞም መጽሐፉ ክፍት ስለ ነበር፥ ግማሽ ሴኮንድ የማትበልጥ ጕድለት ያላለፈችው አንድ ትጉህ ሰው ገልጦ ሊያነበውና ሊያጋልጠው ቻለ። ቢቈለፍ ኖሮ መዘግየቱን እንጂ ምክንያቱን ባላወቀ ነበር። በአማርኛው ክፍልም የሚደክሙት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ብዙ ቃል ሳይመለስ፥ ብዙም የተመለሰ ቃል ሳይመረመር ይኖራል። ይህን ሥራ ለመርዳት ደግሞ ሁሉ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። ደብዳቤ የሚያርቅ፥ ቃለ ጕባኤ የሚይዝ፥ የፊደልን ሥርዐት ጠንቅቆ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ፥ «ይህ ቃል እንዲህ ቢታረም ይሻላል፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ብሎ ለመጻፍ ከማንም አያንስም። ሞያውስ የዕለት እንጀራው አይደለምን?

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ወደ ሞጣ ልመለስ። ከሞጣ ወደ ዐባይ በረሃ ቍልቍል ሲወርዱ፥ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቅስቶቹ አንዱ ፈርሶ ስለ ተቈረጠ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። የቀረው የድንጋይ ሥራ ሁሉ ቆሞ ሳለ፥ ያች አንዲት ክፍተት ድልድዩን ከንቱ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት፥ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች መንገደኛውን በገመድ አስረው በጥልቁ ላይ እየሳቡ ያሻግሩት ነበር። በ2002 ገደማ የውጭ አገር በጎ አድራጊዎች ከአገሩ ሕዝብ ጋር ሆነው በክፍተቲቱ ላይ ብረት አጋደሙባት፤ ድልድዩም እንደ ገና ሰው አሻገረ። አዲስ ድልድይ አልሠሩም፤ የጐደለውን ብቻ ሞሉ። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ይህን ጥገና ወሰደው። ሰዎቹ ግን ተመልሰው በ2009 በብረት ገመድ የሚንጠለጠል ሌላ መሸጋገሪያ ዘረጉ።

እንግዲህ እናንተም ነገ ጧት ከጠረጴዛችሁ ስትቀመጡ፥ በኮምፒዩተራችሁ መስኮት ላይ አንድ የተሳሳተ የአማርኛ ቃል ብታገኙ፥ ስቃችሁ ወይም ተናድዳችሁ አትለፉት። በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ትክክለኛውን ከጐኑ፥ ምክንያቱን ከሥሩ አኑሩ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁም የኮምፒዩተር ባለሞያ ጋር ተመካክራችሁ ወደ ጠባቂው ላኩት። ባይቀበሉት አስተካክላችሁ ድገሙት። እርማቱን ከላካችሁት በብቸና ያለው ሽማግሌም፥ በሞጣ ያለው ተማሪም ያገኙታል፤ ካልላካችሁት ግን እንደዚያ ወጣት ሰንጠረዥ ከእናንተ ጋር ይዛወራል።